ቀልብህ አብሮህ ነበር?

የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ጨርቅ አበላሽቼ አለማወቄ ነበር። ሮቤ ገበያ ዳር ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረችኝ። በደርግ ዘመን ከተማው ሁሉ ካኪ ሲለብስ ካኪውን የምሰፋው እኔ ነበርኩ። የካድሬው፣ የመምህሩ፣ የሲናና እርሻ ሠራተኛው፣ የሁሉም ልኬት በጭንቅላቴ ነበር። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለውን ሌላው ሰው ለምክር ይናገረዋል፤ እኔ ግን የምኖረው በሱ ነበር። ሰው ሲናደድና ሲጮህ ሳይ ይገርመኝ ነበር። «አላህ አእምሮ ሰጥቶት እንዴት በንዴት ይነዳል?» እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ያኔ አንድ ሰው በጥፊ ቢለኝ ጥሩ ነበር።

ሚስቴ የጊኒር ነጋዴ ልጅ ናት። አፏ ፈጣን፣ እጇ ፈጣን፣ ሳቋም ፈጣን ነው። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ እንደ አገራችን ሴቶች «አባ ኢንተላ» ነበር የምትለኝ፣ የልጅቷ አባት ማለቷ ነው። ልጃችን ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በስድስት ዓመት ኑሯችን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም ብል ውሸት ነው፤ ተነጋግረናል፣ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንታረቅ ነበር። እወዳት ነበር። እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ይመስለኝ ስለነበር አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ሰሞኑን ደግሞ የአፈሳ ወሬ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና የሚላከው የቀበሌው ኮታ አልሞላም ተብሎ ጎልማሳ የተባለ ሁሉ ጥግ ጥጉን ነው የሚሄደው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ ሞልቶኝ በተገላገልኩ እያልኩ ስጸልይ ነበር የከረምኩት። ረፋዱ ላይ ሚስቴ በአንድ እጇ ልጃችንን፣ በሌላው ምሳዬን ይዛ መጣች። ሰሀኑን ገና ሳታስቀምጥ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት የአብዮት ጥበቃ ጋር በሬ ላይ ቆመ። ዝርዝሩን በእጁ ይዟል፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። የኛው ሰፈር ሰው ነው፤ የለበሰውን ሱሪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ዓይኔን ሳያይ ስሜን ጠራና «ነገ ጠዋት ብርድ ልብስ ይዘህ ቀበሌ ትቀርባለህ» አለኝ።

ወላሂ፣ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። በዚህ መሃል ሚስቴ ሰሀኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ኡኡታዋን አቀለጠችው።

«እሱን? እሱን ነው የምትወስዱት? የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው?»

ሊቀመንበሩ ደነገጠ። እኔ ከሱ የባሰ ደነገጥኩ።

«በወር ሁለቴ ይጥለዋል! ምላሱን እንዳይነክስ ጥርሱ መሃል ጨርቅ የምከተው እኔ ነኝ! ጎባ ድረስ ወስጄ ያላሳየሁት ሐኪም የለም! እስቲ ጠመንጃ ይዞ ቢወድቅ ማንን እንደሚፈጅ አስቡት! ያ ረቢ! ያ ረቢ!»

እኔ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ጉንፋን እንኳ በዓመት አንዴ ቢይዘኝ ነው። እሷ ደረቷን እየደቃች ስትናገር ግን እኔኑ ራሴን ልታሳምነኝ ምንም አልቀራትም። ገበያተኛው ሸቀጡን እየተወ ከበበን። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «እውነቷን ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ጤነኛ ነኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ። እሱም እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ስሜን ሰረዘና ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፈ።

ዳንኩ። ደስ አለኝ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ አፈርኩ። እነዚህ ሁለቱ ባንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ሰውን ምን እንደሚያደርጉት የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ መጥተው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያሽርህ» አሉኝ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ልጇን ከእኔ አርቃ ወደ ራሷ ሳበች። ሚስቴ እንባዋን ጠረገችና ሰው ሳያያት ጠቀሰችኝ። አተረፍኩህ ማለቷ ነበር። ያኔ ግን የሳቀችብኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌላ ሰው ያደረገው ያህል ነው የማስታውሰው። ብድግ አልኩ። «ጦላቅ ነሽ!» አልኳት በዓረብኛው። «ሲ ሂኬ!» አልኩ በኦሮምኛ። «ፈትቼሻለሁ!» ብዬ በአማርኛ ጨረስኩት። ሮቤ ላይ ሰው ወሬውን ባንዱ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው ነው የሚጨርሰው፤ እኔም ፍቺውን እንደዚያው አደረግኩት። ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንድ እንኳ ያልገባው እንዳይቀር!

በእኛ ሃይማኖት አንድ ጊዜ የተፈታች ሚስት መመለስ ትችላለች። ሦስት ጊዜ የተፈታች ግን ሌላ ባል አግብታ ከዚያኛው ጋር ካልተለያየች በቀር ለፊተኛው ባሏ ሐራም ናት። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሽማግሌው «አስተግፊሩላህ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሚስቴ አፏን በሻሿ ሸፍና የልጃችንን እጅ ያዘችና ሄደች። ምሳዬ መሬት ላይ ቀረ።

ንዴቱ እስከ ዙህር ሶላት እንኳ አልቆየም። ተመልሼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና የአንድ መምህር ኮት እጅጌ መግጠም ጀመርኩ፤ ስጨርስ ሳየው እጅጌውን ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ። ሱቁን ዘግቼ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ወደ ቤት ሄድኩ። «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» እላታለሁ፣ እሷም ትስቅብኛለች፣ አለቀ፤ እንዲህ ነበር የመሰለኝ። ቤት ስገባ ክፍሉ መሃል ላይ አንሶላ ተወጥሯል። ሚስቴ ከጀርባው ናት።

«ተይ እንጂ፣ ንዴት ነው እኮ» አልኳት።

«ንዴት አፍ የለውም፤ የተናገርከው አንተ ነህ» አለችኝ። «ሸሁ እስኪፈርዱ ድረስ አትየኝ፣ እኔም አላይህም።»

ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ የመጣልኝ ሐሳብ ይኼ ነበር፤ ያው የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። «ጓድ፣ ይኼማ የድሮ አስተሳሰብ ነው! በቀበሌው መዝገብ ባልና ሚስት ናችሁ። ሂድና ከሚስትህ ጋር ኑር» አለኝ። እየበረርኩ መጥቼ በአንሶላው በኩል ነገርኳት። «መቃብር ውስጥ ስጠየቅ መዝገቡ ይመልስልኛል?» አለችኝ። ምን ይባላል?

ሸሁ ጉዳያችንን የሚያዩት ጁምዓ ነበር፤ እስኪደርስ አራት ቀን ቀረው። በአራቱ ቀን ከተማው እኔን በሽተኛ አድርጎ ጨረሰ። ልጆች ከሩቅ እየጠቆሙኝ ይንሾካሾካሉ። አንድ ደንበኛዬ ጨርቁን «ገጠር ልሄድ ነው» ብሎ ሳልቆርጠው መልሶ ወሰደ። እጅጌው የተገለበጠበት መምህር ሲመጣ ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ከሸዋ የመጣ፣ ለክር መዛባት እንኳ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ኮቱን አገላብጦ አየና «ግድ የለም፣ አይጨነቁ» አለኝ፤ አንተ ይለኝ የነበረው ሰው! ሲወጣ ከኪሱ አንድ ክብሪት አውጥቶ መኪናዬ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። በሽታው የጣለውን ሰው ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ ብወድቅ ጎረቤት እንዳይቸገር ማሰቡ ነው። ቢሰድበኝ ኖሮ ይህን ያህል አያመኝም ነበር። ክብሪቱን አንስቼ መንገድ ላይ ወረወርኩት።

በዚያ ልብ ነው እንግዲህ ሸሁ ቤት የገባሁት።

ሸሁ አባቴን የሚያውቁ፣ እኔንም በልጅነቴ ቁርኣን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አምስት ሽማግሌ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩም አለበት፤ ካኪውን ቤቱ ጥሎ በሽርጥና በኮፍያ መጥቷል። በድሮ አስተሳሰብ የሳቀው ሰውዬ! ሚስቴ ከሴቶች ጋር በጓዳው በኩል ነበረች፤ አትታይም፣ ግን ሁሉን ትሰማለች።

ሸሁ ሊያፋቱን አልፈለጉም። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። መንገድ ሊከፍቱልኝ እየዞሩ ነበር የሚጠይቁኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉ፣ «በሦስት ቋንቋ ነው የተናገርከው ይሉኛል። ሰው ያንኑ አንዱን ነገር ለሰሚው ሁሉ እንዲገባ ደጋግሞ ሊል ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አንድ ነው፤ ዛሬውኑ ሚስትህን ይዘህ ትገባለህ። ወይስ ሦስት ብለህ አስበህ ነው? ቀስ ብለህ መልስ።»

ሁሉም አፌን ያያሉ። አንዱ ሽማግሌ «አንድ በል» በሚል ዓይነት ጣቱን ጉልበቱ ላይ አነሳ። እኔም «አንድ ነው» ልል አፌን ከፍቻለሁ። በዚህ መሃል ከጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ፣ ለክፋት አይደለም፣ ነገሩን ሊያቀልልኝ ብሎ፣ «ኧረ ጤነኛ ሰው በሦስት ቋንቋ ይፈታል? በሽታው ተነስቶበት ነው እንጂ!» አለ። ሁሉም ፈገግ አሉ። ደግ ፈገግታ ነበር።

እኔ ግን ክብሪቱ ታየኝ። ልጇን የሳበችው ሴት ታየችኝ።

«ሦስት ነው ያሰብኩት» አልኩ።

ሸሁ ቶሎ ብለው እጃቸውን አነሱ፤ ከዚህ በላይ እንዳልናገር። ውሃ አስመጥተው ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ውሃ ጠጥቻለሁ። ልቤ አይመታም፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ንዴት ቢሆን ኖሮ ያሳውቀኝ ነበር፤ የሚነድ ነገር ይታያል። እፍረት ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውየው ሰከን ብሎ ያሰበ ነው የሚመስለው።

ሸሁ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁኝ። «ቀልቢን ኬ ሲ ወጂን ቱሬ?» ቀልብህ አብሮህ ነበር? ማለታቸው ነው። ንዴት ቀልቡን የወሰደበት፣ ሰማይና ምድሩን መለየት ያቃተው ሰው ቃሉ ፍቺ አይሆንም፤ ሸሁ ይህን ለሽማግሌዎቹ ሁሉ አስረዱ። ከዚያ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው ቆዩ። «አልነበረም» እንድላቸው ነው የሚጠብቁት። አንዲት ቃል ነበረች።

ቀልብ የኦሮምኛም የአማርኛም ቃል ነው። ልብ ነው ሲሉት አእምሮ ይሆናል፣ አእምሮ ነው ሲሉት ልብ ይሆናል። ሸሁ በደህናው ነው የጠየቁኝ። እኔ የሰማሁት ግን «በሽተኛ ነህ ወይ?» የሚል ነበር። በአምስት ሰው ፊት፣ በዚያ ከተማ ውስጥ፣ «ቀልቤ አብሮኝ አልነበረም» ብል እስክሞት ድረስ «የሚጥለው» ተብዬ መቅረቴ ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ስል አስቤ አይደለም። አፌ ቀደመኝ፣ ሐሳቡን በኋላ ነው ያመጣሁለት።

«አብሮኝ ነበር፣ ያ ሸህ» አልኩ። «ሙሉ ጤነኛ ነኝ። በሕይወቴ ወድቄ አላውቅም።»

ከጓዳ በኩል አንዲት ሴት በረጅሙ ተነፈሰች። ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ሸሁ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ኢና ሊላህ» አሉ፣ ሞት ሲረዱ እንደሚባለው። ፍቺውም ሦስት ሆኖ ጸና።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ በር ላይ እጄን ያዘኝ። «ጤነኛ ነኝ ያልከውን እኔ አልሰማሁም» አለኝ። ሚስቴ የዋሸችው ውሸት በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ቀረ ማለት ነው። አፈሳ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቼ ሲሄዱ እኔን የነካኝ የለም። ከሄዱት ሁለቱ አልተመለሱም። ፈትቻትም ውሸቷ ይጠብቀኝ ነበር።

የተፈታች ሴት ሦስት ወር ዒዳዋን ትቆጥራለች፤ ሸሁም እስኪያልቅ ከቤቴ እንዳትወጣ አሉ። ሦስት ወር በአንሶላው ወዲያና ወዲህ ኖርን። ሳል ስትስል እሰማለሁ። ፀጉሯን ስታበጥር እሰማለሁ። ልጃችን እንደ ጨዋታ ቆጥራው እየሾለከች ትመላለሳለች፣ «እማ ጨው አልቋል ትላለች»፣ «እማ የሱሪህን ቁልፍ ተክዬዋለሁ ትላለች።» ልብስ ሰፊ ሆኜ የራሴን ቁልፍ ተክዬ አላውቅም ነበር፤ ተፈትታም ትተክልልኛለች። አንድ ቀን ለምኜያት አነባሁ። «አታልቅስ» አለችኝ፣ «ልጅቷ ትሰማለች።»

ሁለተኛው ወር ላይ አላስችል ቢለኝ ተመልሼ ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። እግራቸው ስር ተቀምጬ «ዋሽቻለሁ፣ ያ ሸህ። ቀልቤ አልነበረም። ምን እንዳልኩ እንኳ የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው የሚመስለኝ» አልኳቸው።

ራሴን ዳበሱኝ። «ልጄ» አሉ፣ «ያን ቀን አፍህ ውስጥ የነበረው ኩራት ነው። ዛሬ ያለው ናፍቆት ነው። እኔ የሰው ልጅ ነኝ፤ የቱን አምኜ ልፍረድ? ጠየቅኩህ፣ ውሃ ሰጥቼ ጠየቅኩህ፣ በሰው ፊት መለስክልኝ። ሐራሙን ሐላል ላደርግልህ ሥልጣን የለኝም።» እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ተቆጥተውኝ ቢሆን በቁጣ እወጣ ነበር፤ አላደረጉትም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሰው «ንዴትህን ግዛ፣ አስበህ ተናገር» ይላል። እኔ ስፈታት ተናድጄ ነበር፣ ስፈርድባት ደግሞ ሰከን ብዬ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ከሁለቱ የከፋው ያሰብኩ የመሰለኝ ነው። ይኼን ለማን እንደምናገረው አላውቅም። ልኬቱ ተሳስቶ በጥንቃቄ የተቆረጠ ጨርቅ አይቀጠልም፤ ይህን ማንም ልብስ ሰፊ ይነግራችኋል።

ዒዳዋ ያለቀ ዕለት አባቷ ከጊኒር መጡ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ሰላምታዬን ተቀብለው ጓዟን ሊያስጭኑ ቀደሙ። ልጃችን ከእናቷ ጋር ትሄዳለች፤ የአራት ዓመት ልጅ ማን ከእናቷ ይነጥላል? አውቶቡሱ ዘንድ ድረስ አቅፌያት ሄድኩ። ብርድ ነበር፣ የሮቤ የጠዋት ብርድ፤ ልጅቷ እጇን አንገቴ ውስጥ ከታ ነበር። አማቴ ጓዙን ጣራው ላይ ሲያስጭኑ ሚስቴ ልጅቷን ልትቀበለኝ መጣች። በሦስት ወር ውስጥ ፊቷን ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ከስታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ መሬት መሬት እያየች። «እውነት ያን ቀን ቀልብህ አብሮህ ነበር?»

«አልነበረም» አልኳት። «ወላሂ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፤ ዓይንህን አይቼዋለሁ» አለች። «ከጓዳ ሆኜ አልነበረም ይላል እያልኩ ነበር የጠበቅኩት።» ልጅቷን ከእቅፌ ወሰደች። «አባ ኢንተላ፣ እኔ ስለ አንተ ገበያ ሙሉ ሰው ፊት ዋሸሁ። አንተ ስለ እኔ በአምስት ሰው ፊት እውነቱን መናገር አቃተህ።»

መልስ ሳትጠብቅ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን እየደበደበ «ጊኒር! ጊኒር! የቀረ አለ?» እያለ ይጮኻል። ልጄ ከእናቷ ጭን ላይ ተነስታ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። «አባ፣ ና ግባ እንጂ! ቦታ አለ!» አለችኝ። እናቷ አልከለከለቻትም፣ ዞራም አላየችኝም። አማቴ ከፊት ስለተቀመጡ ከእናትና ልጅ ጎን ያለው ወንበር እውነትም ባዶ ነበር። ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ «ትገባለህ?» አለኝ።

«አልገባም» አልኩት፣ እሱም በሩን ዘጋው።